ባለሰማያዊ ጫፍ ቀሰሞች

ላጮች ቤት የሚባለው ከሽመናው አዳራሽ ደረጃ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ተለጥፎ ስለቀረ ብርሃን እንጂ ሰማይ አያሳይም። ላይ ያሉት ማሽኖች እስከሠሩ ድረስ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ውሃ እንኳ ሲርገበገብ ይውላል። እዚያ ውስጥ ሴቶች ተኮልኩለው ቀሰም ይልጣሉ።

ቀሰም ማጉ የሚጠነጠንበት፣ ከአውራ ጣት ወፈር ያለ እንጨት ነው። መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ተኝቶ በድሩ መሐል ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ ክሩን እየለቀቀ ይመነምናል። ድሮ ክሩ ሲያልቅ ሸማኔው ማሽኑን አቁሞ፣ ባዶውን አውጥቶ ሙሉውን ያስገባ ነበር። እነዚህ ማሽኖች ግን ራሳቸው ይቀይራሉ። በጎናቸው ሠራተኛው "ጣት" የሚላት ቀጭን ብረት አለች። መወርወሪያው በመጣ ቁጥር በጎኑ ስንጥቅ ገብታ ቀሰሙን ነካ ታደርጋለች። ክር ካገኘች ዝም ትላለች። ክሩ ሊያልቅ አንድ ሁለት ዙር ሲቀረው ባዶው እንጨት ላይ ከተንሸራተተች ግን መዶሻውን ትቀሰቅሳለች፤ መዶሻው ከላይ ካለው ከበሮ አንድ ሙሉ ቀሰም መትቶ ወደ መወርወሪያው ሲከት፣ አሮጌው በሥር ሾልኮ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ዓይን እስኪርገበገብ ነው፤ ማሽኑ አይቆምም። ሳጥን ውስጥ የወደቀው ሁሉ ወደ ላጮች ቤት ይወርዳል። ሴቶቹ ላዩ ላይ የቀረችውን ክር በደነዘ ቢላ ልጠው፣ ክሩን በጆንያ፣ እንጨቱን ለማጠንጠኛ ክፍል ይመልሳሉ።

የብሎን ሚስት ከላጮቹ አንጋፋዋ ነበረች። ብሎን ባሏ ነው። የማሽን አስተካካይ ነው፤ ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ጠፍቷል። ሚስቲቱ ደግሞ ከንፈሯ አያርፍም። አንድ ቀሰም ስትልጥ ለአንድ ሰው ትጸልያለች፤ ይኼኛው ለልጇ፣ ይኼኛው ለባሏ፣ ይኼኛው ለእትዬ፣ ይኼኛው በር ላይ ላየችው ለማኝ። እንዲህ ስትል ቀኑ ይመሻል። አጠገቧ የምትቀመጠው ምላሷ የምትባለው ሴት "እኔንማ መቼ ነው የምታደርሺኝ? ተራዬ የማይደርሰው ሰልፍ የት ነው ያለው?" እያለች ትቀልድባታለች።

የእያንዳንዱ ሸማኔ ቀሰም ጫፉ ላይ የራሱ ቀለም ተቀብቷል፤ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ለማወቅ ነው፤ የሚላጠው ክርም በየቀለሙ ጆንያ ለብቻ ገብቶ ኃላፊው ዘንድ ይመዘናል። የእትዬ ሰማያዊ ነው። የልጅቷ ቀይ ነው።

እትዬ የብሎን ታላቅ እህት ናት። ለአዳራሹ ሁሉ እትዬ ናት፤ ከእሷ የሚበልጡትም እትዬ ይሏታል። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋን ከወሰደው ቆይቷል። በእርግጥ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ያለውም ቢሆን አይሰማም፤ ሸማኔ ሁሉ የሚነጋገረው ከንፈር እያየ ነው። የሚጮኸው ኃላፊው ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ጉሮሮ የሚሉት። ጉሮሮ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የመጣ፣ ከንፈር ማንበብ ያልለመደ ሰው ነው። ቢሮው አዳራሹን ከፍ ብሎ የሚያይ የመስታወት ክፍል ሲሆን፣ በሩን ሲዘጋ ወሬው ከእሱ ጋር የቀረ ይመስለዋል። ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ አዳራሹ በሙሉ ፈገግ ይላል።

ልጅቷ የብሎንና የሚስቱ ልጅ ናት። ሽመናው ውስጥ የገባችው በቅርቡ ነው፤ ከአክስቷ ማሽኖች ቀጥሎ ያሉትን ትይዛለች።

ጣጣው የጀመረው ጉሮሮ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ከእንግዲህ አንድ ሸማኔ ብዙ ማሽን ይይዛል፤ ከየረድፉ አንድ ሰው ይቀነሳል" ያለ ዕለት ነው። ማን ይቀነስ ሲባል መልሱ ገመዱ ሆነ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ነውር ያለበት ጨርቅ የሸማኔው ቁጥር ተጽፎበት እዚያ ላይ ይሰቀላል፤ የገባ የወጣ ሁሉ እያየው ያልፋል። በየረድፉ ጨርቁ አብዝቶ የተሰቀለ ይወጣል። ማሽኖቹን ብሎን በሚያስተካክልበት ረድፍ ውስጥ ገመዱን የሚፈሩት ሁለት ነበሩ፤ እትዬ በደከመ ዓይኗ፣ ልጅቷ በጀማሪነቷ። አንዷ ካልወደቀች ሌላዋ አትተርፍም። ይህን የብሎን ሚስት ከሰማች ወዲህ ለእትዬ የምትልጠው ቀሰም ላይ ምን ብላ እንደምትጸልይ ግራ ገባት።

አንድ ቀን ምላሷ ቢላዋን ጣል አድርጋ ጣቷን አሸች።

"ዛሬስ ሰማያዊዎቹ ጠግበው ነው የመጡት! ሆዳቸውን እዪው፤ እርጉዝ ነው የሚመስሉት።"

"ይሆናል" አለች የብሎን ሚስት።

"ይሆናል? የእኔ ጣት ተልጦ አለቀ፣ አንቺ ይሆናል ትያለሽ። ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ቤት ቢቃጠልም ይሆናል ነው የምትይው!"

የብሎን ሚስት ሰማያዊዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ክሩ ወፍሮ ቀርቷል። ያስደነገጣት ግን መወፈሩ አልነበረም። ሸማኔ አንዳንዴ ክሩ ሳያልቅበት በእጁ ጎርጉሮ ቀሰም ያስቀይራል፤ እንዲህ የወጣ ቀሰም ግን ልክ የለውም፤ አንዱ ግማሽ ክር ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዱ ገና ሳይጀመር። እነዚህ ግን በልክ እንደተሰፋ ልብስ አንድ ዓይነት ነበሩ። ይህን የሚያደርግ የሰው እጅ የለም። ጣቲቱ ቀድማ እንድትናገር ተደርጋለች። ጣቲቱን የሚያስተካክላት ደግሞ የብሎን መፍቻ ብቻ ነው።

ዞር ብላ ምላሷ አለማየቷን አረጋገጠችና ከሰማያዊዎቹ የላጠችውን ክር እፍኝ እፍኙን ወደሌሎቹ ጆንያዎች በተነችው። የሰማያዊው ጆንያ ከጓደኞቹ ሳይበልጥ ወጣ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች። ከዚያም ለመደችው።

ሳምንቱ ሲያልቅ እትዬ ገመዱ ሥር ቆማ ስትጮህ ተገኘች። ድምጿን ስለማትሰማው የምታወራው ሁሉ አዋጅ ነው።

"እዩልኝ! እስቲ ቁጥሬን ፈልጉልኝ! የለም አይደል? ዓይኔ ተመለሰ። ያ ጭጋግ ለቀቀኝ፣ ፈጣሪዬ ክብር ይግባውና!"

አላፊ አግዳሚው "እሰይ እትዬ" አላት። እሷ ቆማበት ከነበረው ቦታ ሁለት እርምጃ አልፎ የልጅቷ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ መሐሉ ላይ ስስ ሸንተረር። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አለፈች። እትዬ ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ አቀፈቻትና በዚያው ድምፅ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔም በአንቺ ዕድሜ ገመዱ ላይ ነበር የማድረው!" አለቻት። ሰው ሳቀ። የብሎን ሚስት ደረጃው ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች፤ አብራ ፈገግ አለች።

ቤት ስትደርስ ብሎን እጁን በሳሙናና በአሸዋ እየፈተገ ነበር።

"የእትዬን ማሽኖች ምን አድርገሃቸው ነው?"

ውሃውን ዘጋው። "ምን አየሽ?"

"እኔ ምን አያለሁ? የሚወድቀውን ነው የማየው። ሁሉም አንድ ልክ ነው። አንድ ልክ!"

"ቀስ በይ፣ ልጅቷ አለች።"

"ልጅቷማ የለችም። ልጅቷ ገመዱ ላይ ናት።"

ብሎን ፎጣውን አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማድረቅ ያዘ። አፉን ሊከፍት ሲል እንዲህ ያደርጋል።

"ዓይኗ ሄዷል" አለ። "ድሩ ቢበጠስባት ግድ የላትም፤ በዳበሳ ትቋጥረዋለች፣ ጣቷ ያውቃል። ጣቲቱ ዘግይታ ማጉ ቀድሞ ሲያልቅባት ነው ጉዱ። ማሽኑ ይቆማል፤ የተቋረጠችውን ክር በዓይን ፈልጎ አውጥቶ ነው ማስነሳት። እሷ አታያትም። እንዲሁ ታስነሳዋለች፤ ሸንተረር ይወጣል። ክሩ ሳያልቅ ቀሰሙ ከተቀየረ ግን የሚቆም ነገር የለም። አንዲት ብሎን ነው ያዞርኩት። ትንሽ።"

"እሷ ታውቃለች?"

"ዓይኔ ተመለሰ ስትል አልሰማሻትም?"

"ለልጅህስ ትንሽ ማዞር አቃተህ?"

"ልጄ ዓይን አላት፣ ዕድሜ አላት። ዛሬ ቢያስወጧት ነገ ሌላ በር ታንኳኳለች። እትዬ የማንን በር ታንኳኳ? እናቴ ስትሞት እኔ ጥርስ አላወጣሁም። አኝካ ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ሰው ሊያገባት መጥቶ 'ልጁን ለዘመድ ስጪው' ቢላት ሰውየውን ነው የሸኘችው።"

"ይኼን በተጋባን ማግሥት ነግረኸኛል፤ አልረሳሁትም። አትርዳት አላልኩህም። ለሁለቱም አዙርላቸው ነው የምልህ።"

"ለሁለቱም ካዞርኩ ጆንያው ይከብዳል። ጉሮሮ ይጮሃል እንጂ ሞኝ አይደለም።"

"እስካሁን ያልከበደው ለምን ይመስልሃል?"

ብሎን ፎጣውን እንደያዘ ቀረ። ቀስ ብሎ ገባውና ፊቱ ላይ እንደ ልጅ ያለ ምስጋና መጣ። "አንቺ ነሻ! እግዜር ይስ—"

"አይስጠኝ። ለልጄ አዙርላት።"

"አልችልም" አለ። ሰማዩ ላይ የተጻፈ ያህል ነበር የተናገረው። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ ስለሚያፈስ ቧንቧ።

በማግሥቱ የብሎን ሚስት ሰማያዊውን በሰማያዊ ጆንያ፣ ቀዩን በቀይ ጆንያ ከተተች። ሌላ ምንም አላደረገችም። የየራሱን በየራሱ ነው የከተትኩት፣ ይህ ኃጢአት ከሆነ አንተ ታውቃለህ ብላ ለፈጣሪዋ ነገረችውና መልሱን ሳትጠብቅ ሌላ ቀሰም አነሳች። የሚሆነውን እንዲህ አስባው ነበር፤ ጉሮሮ ጆንያው መክበዱን ያያል፣ ብሎንን ጠርቶ "ጣቶቹ ተዛብተዋልና አስተካክል" ይለዋል። ማሽን ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። ብሎን አፍሮ ይመልሰዋል፤ ልጅቷና እትዬ እኩል ሜዳ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ያለውን ፈጣሪ ያውቃል።

ጉሮሮ ግን ብሎንን አልጠራም። እሷን ጠራት።

የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ገብታ አታውቅም። በሩ ሲዘጋ ጩኸቱ በአንዴ ስለጠፋ ጆሮዋ ጭው አለባት። ጉሮሮ ወንበር ሰጣት፤ እዚያ ውስጥ ሲናገር ድምፁ እንደማንኛውም ሰው ነበር፣ እንዲያውም ለስለስ ያለ።

"የሰማያዊው ጆንያ ከሌሎቹ እጥፍ ሆኗል" አለ። "ማሽን ላላ እንዳልል አንዱ ይላላል፣ የአንድ ሸማኔ ማሽኖች ሁሉ በአንድ ሳምንት አይላሉም። ስለዚህ ወይ ሸማኔዋ ክሩ ሳያልቅ በእጇ እየጎረጎረች ታስወጣለች፤ ጨርቄ ንጹሕ ይውጣ ብላ። ወይ አስተካካዩ ሆን ብሎ ጣቶቹን አዛብቶላታል።"

እሷ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የተላጠ ክር መለሰች።

"ሸማኔዋ ከሆነች፣ ከሚቀነሱት አንዷ ትሆናለች፤ አለቀ። አስተካካዩ ከሆነ ግን በዚህች ሰዓት ነው ከግቢ የሚወጣው። መፍቻ ይዞ የሚያጭበረብር ሰው አንድ ቀን አላሳድርም። ባልሽ መሆኑን አውቃለሁ። እሱን ብጠይቀው ያለሰልሰዋል፤ ጓደኛሽን ብጠይቃት ትጨምርበታለች። አንቺ ግን እንኳን ውሸት መሐላ ከአፍሽ አይወጣም ነው የሚሉኝ።" ጠረጴዛው ላይ ካለው የተላጠ ክር ጥቂት አንስቶ መልሶ ጣለው። "ይኼ ለእኔ የተማታ ጉድ ነው። ቀሰሙን ከመላጡ በፊት ያየሽው አንቺ ነሽ። በእጅ የወጣ ልክ የለውም፤ ጣት ያስቀየረው አንድ ዓይነት ነው። ነገ ጠዋት ወርጄ በዓይኔ አያለሁ፤ ዛሬ ግን ከአንቺ ልስማ። ሰማያዊዎቹ እኩል ናቸው ወይስ ይለያያሉ?"

የብሎን ሚስት በመስታወቱ ቁልቁል አየች። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ የተበጠሰ ድር ትቋጥራለች። ብሎን ከአንድ ማሽን ሥር ተንበርክኮ ተሸጉጧል፤ ቀና ብሎ ወደላይ እያየ ነው። እትዬ ደግሞ ማሽኖቿ መሐል ቆማ፣ የወንድሜ ሚስት ምን አጥፍታ ነው የተጠራችው በሚል ጭንቀት፣ ዓይኗን አጥብባ ወደ መስታወቱ ታያለች። ያ ሩቅ አይደለም። ለዓይነ ደካማም ቢሆን የሰው ከንፈር የሚታይበት ቦታ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ያረጀ ሰው ማግ ባያይ ከንፈር ያያል።

እኩል ናቸው ብትል ባሏ ዛሬውኑ ይወጣል። እኩል ናቸው ብትል ጣቶቹ ይስተካከላሉ፣ እትዬ ገመዱ ላይ ትመለሳለች፣ ልጇም ዕድል ታገኛለች፤ ግን አባቷ ከግቢ ተባርሮ፣ የማን ልጅ እየተባለች። ይለያያሉ ብትል ግን ሁሉም ባለበት ይቆያል፣ ከአንዲት ሴት በቀር። አፏን በእጇ መሸፈን አሰበች። እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደ እንጨት ተጋድሞ ቀረ።

"ይለያያሉ" አለች።

"ጎልቶ ይስማኝ።"

"ይለያያሉ። ልክ የላቸውም።"

ቀና ስትል እትዬ እዚያው ነበረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። የተናገረችውን በደንብ እንዳላየች ሰው ትንሽ ዘንበል ብላ ቆየች። ከዚያ የገዛ እጆቿን አንስታ አየቻቸው፤ ወዲህ ወዲያ ገልብጣ አየቻቸው። ቀጥሎ ወደ ወንድሟ ዞረች። ብሎን ራሱን ከማሽኑ ሥር አስገብቷል።

ያን ቀን ማታ ብሎን ቤት ገብቶ አፉን አልከፈተም። ሚስቱም አልጠየቀችው። ከንፈሯን እንዳየ ታውቃለች። ልጅቷ ተኝታ ሳለ እሷ ጣሪያውን እያየች አሰበች፤ እሱ እንደ እኔ አይደለም፣ እህቱ ናት፣ ነገ ማለዳ ጉሮሮ ዘንድ ገብቶ እኔ ነኝ ይላል። ይህን ትፈራዋለች፤ ደግሞም ይህ እንዲሆን በሙሉ ልቧ ትመኛለች። እሱ ካለው፣ የእሷ ቃል ተሰርዞ ይቀራል። ፈጣሪዋን ባሌን አድንልኝ ልበል ወይስ ባሌን አናግርልኝ ብላ ግራ ተጋብታ ሳትጸልይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማለዳ ጉሮሮ እጅጌውን ጠቅልሎ ላጮች ቤት ወረደ። ምላሷ እንኳ ቢላዋ ላይ አቀረቀረች። የመጀመሪያው ሳጥን ሲወርድ ሰማያዊዎቹን ራሱ ለቀማቸው። ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ነበሩ፤ በጥፍር ቢጫሩ የሚላጡ፣ አንድ ሁለት ዙር ክር ብቻ ያለባቸው፣ ልክ መሆን እንዳለባቸው። ብሎን የትናንቱ ፈረቃ ከማለቁ በፊት ሁሉንም መልሷቸዋል።

"አየሽ?" አለ ጉሮሮ፤ ቀሰሙን እጇ ላይ እያስቀመጠ። "ትናንት ስጠራሽ አይታ ደንግጣለች። እጇን ሰበሰበች። ደግ አደረግሽ፤ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን ይኼ ፋብሪካ የት በደረሰ።"

የብሎን ሚስት ቀሰሙን ያዘች። ትናንት ማታ የጠበቀችው መልስ ይኸው መጣላት። ባሏ አፉን ሳይከፍት የእሷን ቃል እውነት አድርጎላታል።

እትዬ ከምሳ በፊት ወጣች። ጉሮሮ ሲነግራት የመለሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "እጄ ቀሰም አልነካም!" አለች፣ በዚያ የአዋጅ ድምፅዋ፤ ማሽኖቹ እየጮሁ ስለነበር ግን ማንም አልሰማትም፣ ከንፈሯን ያየ ሁሉ ደግሞ ወደሌላ አየ። ከዚያ ጨርቅ አንስታ ማሽኖቿን አንድ በአንድ ወለወለች። ጨርቋን አጥባ፣ ጨምቃ፣ ሰቅላ ወጣች።

ከሥራ በኋላ የብሎን ሚስት ምግብ ቋጥራ ወደ እትዬ ቤት ሄደች። ከአንድ ረጅም ግቢ መጨረሻ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ በሯ ላይ የብረት መቀርቀሪያ፣ ከመቀርቀሪያው እስከ አልጋዋ እግር የተዘረጋ ሲባጎ አለ፤ ሰው በሩን ሲነካ ሲባጎው እንዲነግራት ብሎን ነው የሠራላት። ሲባጎው ተነቃነቀና እትዬ ከፈተች።

"እትዬ" አለች የብሎን ሚስት።

እትዬ ከንፈሯን አየች። ትንሽ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

በሩን እንደያዘች፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አላባረረቻትም፣ አልሰደበቻትም። አለመስማት የምትችለው በዚህ ብቻ ስለነበር ነው። የብሎን ሚስት እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ነካች፤ ዓይኗ አልተከፈተም። ጎረቤት ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ ታያቸዋለች።

"እኩል ነበሩ" አለች የብሎን ሚስት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እትዬ፣ እኩል ነበሩ። ሁሉም እኩል ነበሩ። እጅሽ አልነካም። እኔ ነኝ... እሱ ነው... እኩል ነበሩ።" ከዚያ በኋላ የምትለው ጠፋት። ለተጨፈነ ዓይን እውነቱን በሙሉ ተናግራ ጨረሰች። እትዬ ፊቷን ያሞቃት የነበረው የወንድሟ ሚስት ትንፋሽ ሲቆም ተሰምቷት ይሆናል፣ በሩን ቀስ አድርጋ ገፋችውና ዘጋችው። ቋጠሮው ደጃፉ ላይ ቀረ። ሴቲቱ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሦስቱ ራት ቀርበው ነበር። ልጅቷ ፊቷ ወዝ አውጥቷል፤ ከገመዱ ከወረደች ጀምሮ ቤቱን ወሬ ሞልታዋለች። ከእትዬ ማሽኖች የደረሷት አሉ።

"እኔኮ ስለምናት ነበር!" አለች አፏ ሞልቶ። "'እትዬ፣ ሸንተረር እንዴት ነው የማይወጣብሽ፣ አስተምሪኝ' ስላት 'ዓይኔ ተመለሰ' ትለኛለች። ለካ እንዲህ እንዲህ እያደረገች!" ሁለት ጣቶቿን አሹላ ከሳህኑ ላይ የሆነ ነገር እንደመጎርጎር አደረገችና ሳቀች። "አዳራሹ ሁሉ ነው የሚስቅባት። ያን ያህል ዕድሜ ይዛ! ግን እማዬ፣ እኔ አላመንኩም ነበር፣ እውነቴን ነው። አንቺ ስላልሽ ነው ያመንኩት። በዓይንሽ ነው ያየሻቸው አይደል? እውነት ልክ አልነበራቸውም?"

የብሎን ሚስት ዳቦውን ከሁለት ገመሰችው። ልጇ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ትንሽ ልጅ ሳለች 'የሞተ ሰው ወዴት ይሄዳል' ብላ ስትጠይቃት እንዲሁ ነበር የምታያት፤ እናቷ ያለችውን ይዛ ልትሄድ።

"አዎ" አለች። "ልክ አልነበራቸውም።"

"ይገርማል" አለች ልጅቷ። ግምሱን ተቀበለችና ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ የተሰጡኝን ማሽኖችስ አየሃቸው? ጣቶቻቸው ደህና ናቸው? እሷ ስትጎረጉር እንዳታበላሻቸው ፈርቼ ነው።"

ብሎን ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ዕለት ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

"ደህና ናቸው" አለ። "አስተካክያቸዋለሁ።"